ኒውትራል ሲቋረጥ፦ የተንቀሳቃሽ ቤቶች የኤሌክትሪክ ሥርዓትና ጥበቃው

የአንድ መኖሪያ ቤት የኤሌክትሪክ መስመር አንድ ጊዜ ይዘረጋል፤ በባለሙያ ይፈተሻል፤ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ከዚያው ምሰሶ፣ ከዚያው ትራንስፎርመርና ከዚያው ቆጣሪ ጋር እንደተቆራኘ ይኖራል። ቤቱ ጎማ ቢኖረውና በየምሽቱ ከሌላ ሶኬት ጋር የሚገናኝ ቢሆንስ? ይህ ጥያቄ በዩናይትድ ስቴትስና በካናዳ የዕለት ተዕለት ጥያቄ ነው። በእነዚህ አገሮች «ሞተር ሆም» በመባል የሚታወቁት ተንቀሳቃሽ ቤቶች ትልልቆቹ አውቶቡስ የሚያህሉ ሲሆን፣ በውስጣቸው መኝታ፣ ወጥ ቤት፣ መታጠቢያ ክፍል፣ የአየር ማቀዝቀዣ፣ ፍሪጅ፣ ማይክሮዌቭ ምድጃና የባትሪ መሙያ ይገኛሉ። ባለቤቶቻቸው ቀን ሲጓዙ ይውሉና ሲመሽ ለዚሁ ተግባር በተዘጋጀ የካምፕ ሥፍራ ያርፋሉ። በዚያም አጠገባቸው ከተተከለው የኃይል መስጫ ሣጥን ላይ ወፍራም ገመዳቸውን ሰክተው ያድራሉ።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እንግዳው ያንን ሣጥን ማን እንደዘረጋው፣ ስንት ዓመት ዝናብና ፀሐይ እንደተፈራረቀበት፣ ስንት ሺህ ጊዜ እንደተሰካበትና እንደተነቀለበት አያውቅም። ብዙ ሰዎች የኤሌክትሪክ አደጋ ሲባል ወዲያው ወደ አእምሯቸው የሚመጣው መብረቅ ስለሆነ፣ አንድ የመብረቅ መከላከያ ገዝተው ካስገቡ ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። በዚህ ጽሑፍ እንደምንመለከተው ግን ከአደጋዎቹ መካከል እጅግ አስቸጋሪዎቹ የመብረቅ ብልጭታ የላቸውም፤ በዝምታ ይመጣሉ፤ ለደቂቃዎችና ለሰዓታትም ይቆያሉ። እነዚህን የሚከላከለው የሚመታን ኃይል ውጦ የሚያስቀር ዕቃ ሳይሆን፣ አስቀድሞ የሚለካና አስፈላጊ ሲሆን የሚያቋርጥ መሣሪያ ነው። ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የኦም ሕግና የኪርኾፍ ሕጎች በቂ ናቸው።

ኃይሉ እንዴት ይደርሳል?

በሰሜን አሜሪካ የመኖሪያ አካባቢ ትራንስፎርመር የውጤት ጥቅል ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ 240 ቮልት ይሰጣል። የጥቅሉ መካከለኛ ነጥብ ወጥቶ ከመሬት ጋር ይታሰራል፤ ይህ ነጥብ ኒውትራል ይባላል። ሁለቱን ጫፎች ለአጻጻፍ እንዲመቸን ፌዝ «ሀ» እና ፌዝ «ለ» እንበላቸው። ከፌዝ «ሀ» እስከ ኒውትራል 120 ቮልት፣ ከፌዝ «ለ» እስከ ኒውትራልም 120 ቮልት ይገኛል። ሁለቱ ግን በተቃራኒ አቅጣጫ የሚወዛወዙ ናቸው፤ አንደኛው ወደ ላይ ሲወጣ ሌላው ወደ ታች ይወርዳል። የውዝዋዜው ድግግሞሽ በሰከንድ 60 ጊዜ ነው።

በካምፕ ሥፍራው ሣጥን ላይ ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓይነት ሶኬቶች ይገኛሉ። የመጀመሪያው 20 አምፔር፣ ሁለተኛው 30 አምፔር ሲሆኑ ሁለቱም በ120 ቮልት ይሠራሉ። ሦስተኛው ባለ አራት ቀዳዳና ባለ 50 አምፔር ነው። ባለ 30 አምፔሩ 30 × 120 = 3,600 ዋት ይሰጣል። ባለ 50 አምፔሩ ግን ሁለቱንም ፌዞች ስለሚይዝና እያንዳንዳቸው 50 አምፔር ስለሚሸከሙ 2 × 50 × 120 = 12,000 ዋት ይደርሳል። ቁጥሩ ከ30 ወደ 50 ብቻ ያደገ ቢመስልም አቅሙ ከሦስት እጥፍ በላይ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በባለ 50 አምፔሩ መስመር ላይ የኒውትራል ሽቦ ሥራ ልብ ሊባል ይገባዋል። ሁለቱ ፌዞች ተቃራኒ ስለሆኑ በኒውትራል ላይ የሚያልፈው ከረንት ድምራቸው ሳይሆን ልዩነታቸው ነው። ፌዝ «ሀ» 40 አምፔር፣ ፌዝ «ለ» 30 አምፔር ቢወስዱ በኒውትራል የሚመለሰው 10 አምፔር ብቻ ነው። ከዚህ በመነሣት «ኒውትራል ሥራ የለውም» ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር ትልቅ ስሕተት ይሆናል። ኒውትራል የሁለቱን ወገኖች ቮልቴጅ እኩል አድርጎ የሚይዝ ዳኛ ነው። ዳኛው ሲጠፋ ምን እንደሚከተል ጥቂት ቆየት ብለን እንመለከታለን።

አንደኛው ችግር፦ የቮልቴጅ መውደቅ

በሐምሌ ወር ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ በካምፑ ያሉት ሁሉ የአየር ማቀዝቀዣቸውን በአንድ ጊዜ ያስነሣሉ። ከትራንስፎርመሩ እስከ ሣጥኖቹ የተዘረጋው የጋራ ገመድ የራሱ ሬዚስታንስ ስላለው፣ ከረንቱ በጨመረ ቁጥር በገመዱ ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ ይጨምራል። የጋራው መስመር ሬዚስታንስ 0.04 ኦም፣ በእርሱ የሚያልፈው ከረንትም 300 አምፔር ነው ብንል 0.04 × 300 = 12 ቮልት በመንገድ ይቀራል። ስለዚህ ከ120 ቮልት 108 ብቻ ሣጥኑ ጋ ይደርሳል ማለት ነው። በዚህ ላይ የተሽከርካሪው የራሱ ገመድ ይጨመራል። ለ30 አምፔር መስመር የሚያገለግለው የመዳብ ሽቦ በኪሎ ሜትር 3.3 ኦም ያህል ሬዚስታንስ አለው። 15 ሜትር ርዝመት ያለው ገመድ ደርሶ መልሱ 30 ሜትር ስለሚሆን 0.1 ኦም ያህል ይሆናል፤ በ25 አምፔር ሌላ 2.5 ቮልት ይወስዳል።

ዝቅተኛ ቮልቴጅ ለአምፖል መፍዘዝ ነው፤ ለሞተር ግን መታመም ነው። የአየር ማቀዝቀዣው ኮምፕሬሰር የሚሽከረከረው በኢንዳክሽን ሞተር ነው። የዚህ ሞተር ቶርክ፣ ማለትም የማዞር ኃይሉ፣ በቮልቴጁ ካሬ መጠን ይለዋወጣል። ቮልቴጁ ከ120 ወደ 100 ቢወርድ ቶርኩ ወደ 69 በመቶ ይወርዳል። ኮምፕሬሰሩ የሚጨምቀው ጋዝ ግን አልቀነሰም፤ የሚጠይቀው ሥራ ያው ነው። ስለሆነም ሞተሩ ፍጥነቱን ቀንሶ ተጨማሪ ከረንት በመሳብ ጉድለቱን ለማካካስ ይሞክራል። በጥቅል ሽቦው የሚፈጠረው ሙቀት በከረንቱ ካሬ መጠን ስለሚያድግ የሽቦው መሸፈኛ እየተጎዳ ይሄዳል። በኢንጂነሮች ዘንድ በሚሠራበት ግምታዊ ሕግ መሠረት የሙቀት መጠን በየ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር የመሸፈኛው ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል። ሞተሩ ጭራሽ መነሣት አቅቶት ከቆመ ደግሞ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ የሆነ ከረንት እየሳበ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሊቃጠል ይችላል።

እዚህ ላይ በአንድ ነጥብ የሚሰበሰብ ሙቀትም ችላ ሊባል አይገባም። የሶኬቱ ውስጠኛ ብረት በመበላሸቱ በመገናኛው ላይ 0.1 ኦም ብቻ ቢፈጠር፣ በ30 አምፔር የሚጠፋው 3 ቮልት ነው፤ ማንም ልብ አይለውም። የሚፈጠረው ሙቀት ግን 30 × 30 × 0.1 = 90 ዋት ነው። 90 ዋት በአንዲት የሶኬት ቀዳዳ ውስጥ ሲሰበሰብ ፕላስቲኩን ያቀልጣል። በካምፕ ሥፍራዎች ጠቁረውና ቀልጠው የሚታዩት መሰኪያዎች የዚህ ስሌት ውጤቶች ናቸው።

ሁለተኛው ችግር፦ የኒውትራል መቋረጥ

አሁን ወደ ዳኛው እንመለስ። አንድ ባለ 50 አምፔር ተንቀሳቃሽ ቤት በፌዝ «ሀ» ላይ 1,200 ዋት የሚወስድ የውኃ ማሞቂያ፣ በፌዝ «ለ» ላይ ደግሞ በድምሩ 240 ዋት የሚወስዱ ቴሌቪዥንና ሌሎች ቀላል ዕቃዎች አሉት እንበል። ስሌቱን ለማቅለል ሁሉንም እንደ ተራ ሬዚስታንስ ብንቆጥራቸው፣ የመጀመሪያው በ120 ቮልት 10 አምፔር ስለሚወስድ 12 ኦም፣ ሁለተኛው 2 አምፔር ስለሚወስድ 60 ኦም ይሆናል። ኒውትራል በቦታው እስካለ ድረስ ሁለቱም 120 ቮልት ያገኛሉ፤ አንዱ ስለ ሌላው መኖር እንኳ አያውቅም።

በሣጥኑ ውስጥ የኒውትራል ሽቦው ማሠሪያ ላልቶ ቢለያይ ምን ይሆናል? ከረንቱ በኒውትራል መመለስ ስለማይችል ከፌዝ «ሀ» ተነሥቶ በማሞቂያው አልፎ፣ በቴሌቪዥኑ በኩል ወደ ፌዝ «ለ» ይሄዳል። ጎን ለጎን ተያይዘው የነበሩት ዕቃዎች በ240 ቮልት መካከል በተርታ የተያያዙ ሆኑ ማለት ነው። ጠቅላላ ሬዚስታንሱ 72 ኦም፣ ከረንቱም 240 ÷ 72 = 3.33 አምፔር ነው። እንግዲህ በማሞቂያው ላይ 12 × 3.33 = 40 ቮልት፣ በቴሌቪዥኑ ወገን ደግሞ 60 × 3.33 = 200 ቮልት ይወድቃል። ለ120 ቮልት የተሠራው ቴሌቪዥን 200 ቮልት ይደርሰዋል፤ ይወስድ የነበረው 240 ዋትም ወደ 667 ዋት ያድጋል። በሰከንዶች ውስጥ ጭስ ሊታይ ይችላል።

ከዚህ ምሳሌ ሁለት ትምህርቶችን እናገኛለን። አንደኛ፣ የሚጎዳው ብዙ ኃይል የሚወስደው ዕቃ ሳይሆን ትንሽ የሚወስደው ነው፤ ትንሽ የሚወስድ ዕቃ ሬዚስታንሱ ትልቅ ስለሆነ የቮልቴጁን ትልቅ ድርሻ ይይዛልና። ሁለተኛ፣ የሚያልፈው ከረንት 3.33 አምፔር ብቻ ስለሆነ ባለ 50 አምፔሩ ብሬከር ምንም አይሰማውም። ብሬከር የተፈጠረው ከመጠን ያለፈ ከረንትን እንዲቆርጥ ነው፤ ቮልቴጅን አይለካም። ቤቱ እየተቃጠለ ብሬከሩ በሰላም ቆሞ ሊታይ ይችላል።

ከዚሁ ጋር የሚመሳሰል ሌላ አደጋ በሰው ስሕተት ይመጣል። ባለ 30 አምፔሩ የተሽከርካሪ ሶኬት በመልኩ ለልብስ ማድረቂያ ከሚያገለግለው ባለ 240 ቮልት ሶኬት ጋር ስለሚቀራረብ፣ ልዩነቱን ያላስተዋለ ሠራተኛ 240 ቮልት ሊያገናኝበት ይችላል። እንዲህ ዓይነት ስሕተት በተለይ በግል መኖሪያ ግቢዎች ለተሽከርካሪ ተብለው በሚተከሉ ሶኬቶች ላይ ያጋጥማል። ባለቤቱ በሰካበት ቅጽበት በውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ ከሚችለው እጥፍ ቮልቴጅ ይወርድበታል።

ሦስተኛው ችግር፦ ድንገተኛ የቮልቴጅ ንረት

መብረቅ በአቅራቢያ ሲወድቅ ወይም ከባድ መስመር ሲቋረጥና ሲገናኝ በሽቦው ላይ ለአፍታ ሺህ ቮልቶች ሊጓዙ ይችላሉ። ይህንን ለመከላከል የሚያገለግለው ዋነኛ ዕቃ ከዚንክ ኦክሳይድ የሚሠራው ቫሪስተር ነው። ጃፓናዊው ተመራማሪ ሚቺዮ ማትሱኦካ ስለዚህ ቁስ ባሕርይ ያቀረበው ጥናት የታተመው እ.ኤ.አ. በ1971 ነበር። ቫሪስተሩ ከብዙ ጥቃቅን የዚንክ ኦክሳይድ ቅንጣቶች ተጨምቆ የተጋገረ ነው። በሁለት ቅንጣቶች ድንበር ላይ ያለው ቮልቴጅ ከ3 ቮልት ገደማ በታች እስከሆነ ድረስ ከረንት በጭንቅ ያልፋል፤ ከዚያ ሲበልጥ ግን በሩ ይከፈታል። ብዙ ድንበሮች በተርታ ሲደረደሩ የመክፈቻው ቮልቴጅ ይደመራል። ስለዚህ የቫሪስተሩ ውፍረት በስንት ቮልት እንደሚከፈት ይወስናል።

ቫሪስተር ለተሠራለት ዓላማ ድንቅ ነው። 3,000 አምፔር የሚያህል ንረት በ400 ቮልት ላይ ለ20 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ቢያልፍበት የሚውጠው ኃይል 3,000 × 400 × 0.00002 = 24 ጁል ብቻ ነው። በገበያ ያሉ መከላከያዎች በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ ጁሎችን እንዲችሉ ተደርገው ይሠራሉ። ነገር ግን የኒውትራል መቋረጥ የሚቆየው ለሚሊዮንኛ ሰከንድ አይደለም። ቫሪስተሩ በዚያ ጊዜ ተከፍቶ በአማካይ 1,000 ዋት ቢያቃጥል፣ በአንዲት ሰከንድ 1,000 ጁል፣ በሦስት ሰከንድ 3,000 ጁል ይሆናል። ከዚያ በኋላ እርሱም ራሱ ከሚቃጠሉት ዕቃዎች አንዱ ነው። ለዝቅተኛ ቮልቴጅ ደግሞ ፈጽሞ አይሰማም። ከዚህም በላይ እያንዳንዱ ከባድ ንረት ቫሪስተሩን ጥቂት ስለሚያዳክመው ለዘላለም የሚያገለግል ዕቃ አይደለም። «የመብረቅ መከላከያ አለኝ» ብሎ በሙሉ ልብ መተኛት የማይገባው ለዚህ ነው።

አራተኛው ችግር፦ ኤርዝና የሰው ሕይወት

እስካሁን የተመለከትናቸው ችግሮች ንብረት ያወድማሉ። የሚከተለው ግን ሰው ይገድላል። ተንቀሳቃሽ ቤት የብረት አካል አለው፤ የቆመውም በጎማ ላይ ነው። ጎማ ከሞላ ጎደል ኤሌክትሪክ አያሳልፍምና የብረቱ አካል ከመሬት ተለይቶ ይቆማል። የአንድ ዕቃ ፌዝ ሽቦ ተልጦ አካሉን ቢነካ፣ አካሉን ከአደጋ የሚጠብቀው ብቸኛ መንገድ በገመዱ ውስጥ ያለው የኤርዝ ሽቦ ነው። ኤርዙ ደኅና ከሆነና የመመለሻው መንገድ ጠቅላላ ሬዚስታንስ 0.5 ኦም ቢሆን 120 ÷ 0.5 = 240 አምፔር ስለሚያልፍ ብሬከሩ ወዲያውኑ ይወርዳል። ኤርዙ በሣጥኑ ውስጥ ከተቋረጠ ግን ምንም ከረንት አያልፍም፤ ብሬከሩ አይወርድም፤ የቤቱ አካል በሙሉ በ120 ቮልት ላይ ይቆያል።

የሚያስፈራው ነገር በውስጥ ያሉት ሰዎች ምንም አለመሰማታቸው ነው። ወለሉ፣ ግድግዳውና የበሩ እጀታ ሁሉም በአንድ ቮልቴጅ ላይ ስለሆኑ በመካከላቸው ልዩነት የለም፤ ልዩነት ከሌለ ደግሞ ከረንት የለም። አደጋው የሚደርሰው አንድ እግሩን እርጥብ ሣር ላይ አድርጎ በእጁ የበሩን እጀታ በያዘው ሰው ላይ ነው። እርጥብ የሰው አካል ሬዚስታንስ ወደ 1,000 ኦም ሊወርድ ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ በአካሉ የሚያልፈው ከረንት 120 ሚሊአምፔር ነው። ይህ መጠን የልብን ምት ሊያዛባና ሊገድል የሚችል ነው። በብዙ ጊዜ ተጎጂዎቹ ከውጭ ሮጠው የሚመጡ ሕፃናት ወይም ባዶ እግራቸውን የሚሄዱ ሰዎች ሊሆኑ መቻላቸውን መገመት አያዳግትም።

«ታዲያ አጠገቡ የብረት ዘንግ መሬት ውስጥ ብንተክልና ከአካሉ ጋር ብናስረውስ?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱን ስሌቱ ይሰጠናል። በመሬት ውስጥ የተተከለ አንድ ዘንግ 25 ኦም ሬዚስታንስ ቢኖረው በእርሱ የሚያልፈው 120 ÷ 25 = 4.8 አምፔር ነው። ይህ ባለ 30 አምፔር ብሬከርን አይነካውም። ስለዚህ አካሉ አሁንም አደገኛ እንደሆነ ይቆያል። አፈር የመዳብ ሽቦን ሊተካ አይችልም።

ሰውን ለማዳን የተሠራው ሌላው መሣሪያ የፌዙንና የኒውትራሉን ከረንት የሚያነጻጽረው ብሬከር ነው። የሄደውና የተመለሰው እኩል ካልሆኑ የጎደለው በሌላ መንገድ፣ ምናልባትም በሰው አካል፣ እያለፈ ነው ማለት ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ፕሮፌሰር የነበሩት ቻርልስ ዳልዚየል ይህንን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1961 ፈለሰፉ። በአሜሪካ የሚሠራበት ዓይነት ልዩነቱ 5 ሚሊአምፔር ገደማ ሲደርስ ያቋርጣል።

ጥበቃው፦ ለካ፣ ፍረድ፣ አቋርጥ

እንግዲህ አራቱን ችግሮች አንድ ላይ ብናያቸው የጋራ ነገር አላቸው። ሁሉም ከመሰካታቸው በፊት ወይም በተከሰቱበት ቅጽበት በመለካት የሚታወቁ ናቸው። ዘመናዊ የተሽከርካሪ ጥበቃ መሣሪያ የተመሠረተው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። መሣሪያው በሣጥኑና በቤቱ መካከል ይገባል፤ በውስጡም ቫሪስተሮች፣ የቮልቴጅ መለኪያና ኮንታክተር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚዘጋና የሚከፈት ትልቅ ማብሪያ ማጥፊያ፣ አሉት። ገመዱ ሲሰካ ወዲያው ኃይል አያሳልፍም። በመጀመሪያ ኤርዝ መኖሩን፣ ፌዝና ኒውትራል አለመቀያየራቸውን፣ ቮልቴጁም ተገቢ መሆኑን ይመረምራል። ሁሉም ትክክል ከሆነ ብቻ ኮንታክተሩን ይዘጋል። ከዚያም በኋላ መለካቱን አያቆምም። በተለመዱት መሣሪያዎች በአንድ ፌዝ ላይ ያለው ቮልቴጅ ከ104 ገደማ በታች ሲወርድ ወይም ከ132 በላይ ሲወጣ ያቋርጣል። ቀደም ሲል ባሰላነው ምሳሌ 40 እና 200 ቮልት የሚያየው ይህ መሣሪያ ቤቱን ወዲያው ከመስመሩ ይለያል።

ኃይሉ ሲስተካከል መሣሪያው ተመልሶ ከማገናኘቱ በፊት ሁለት ደቂቃ ያህል እንዲቆይ ይደረጋል። ምክንያቱም የአየር ማቀዝቀዣው ኮምፕሬሰር በድንገት ሲቆም በውስጡ ያለው የጋዝ ግፊት ሚዛኑን እስኪያገኝ ጊዜ ይፈልጋል፤ ወዲያው እንዲነሣ ከተገደደ ሞተሩ ሊቆልፍ ይችላል።

ለዝቅተኛ ቮልቴጅ ሌላ መፍትሔም አለ፤ ይኸውም ቮልቴጁን 10 በመቶ ያህል ከፍ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ነው። ለባለቤቱ ይጠቅማል። ሆኖም ኃይል ከምንም አይፈጠርም። ተራ ሬዚስታንስ የሆነ ዕቃ ቮልቴጁ በ1.1 ሲባዛለት ከምንጩ የሚሳበው ከረንት በ1.21 ይባዛል። ሁሉም እንግዶች ይህንኑ ቢጠቀሙ የጋራው መስመር ቮልቴጅ ይበልጥ ይወርዳል። የአንዱ መፍትሔ የጎረቤቱ ችግር ይሆናል ማለት ነው። በሚዛናዊነት ካየነው ቮልቴጅ ሲወርድ የመጀመሪያው ተገቢ እርምጃ ጭነትን መቀነስ ነው፤ ማይክሮዌቩን ለመጠቀም ማቀዝቀዣውን ለጥቂት ደቂቃ ማጥፋት።

መሣሪያው ቢኖርም ባይኖርም ልምድ ያላቸው ተጓዦች የሚከተሉት ሥርዓት አለ። ሲደርሱ መጀመሪያ ሣጥኑን ይመለከታሉ፤ የጠቆረ ወይም የቀለጠ ሶኬት ካዩ አይሰኩበትም። ብሬከሩን ያጠፋሉ፤ ገመዱን ይሰካሉ፤ ከዚያ በኋላ ብሬከሩን ያበራሉ። ሲነቅሉም በቅድሚያ በውስጥ ያሉትን ከባድ ዕቃዎችና ብሬከሩን ያጠፋሉ፤ በጭነት ላይ ያለ መሰኪያ ሲነቀል የሚፈጠረው ብልጭታ ነው የሶኬቱን ብረት የሚበላው። በሦስት መብራቶች የሚሠራው ርካሽ መመርመሪያ ጠቃሚ ቢሆንም ሁሉን አያሳይም፤ የቮልቴጁን መጠን አይናገርም፤ ኒውትራልና ኤርዝ ቢቀያየሩም ሊለይ አይችልም።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ምን ይነግረናል?

በአገራችን ቤት በጎማ ላይ አይሄድም፤ የፊዚክሱ ሕግ ግን ድንበር አያውቅም። የእኛ የሰፈር መስመር በሦስት ፌዝ የተዘረጋ ነው። በአንድ ፌዝና በኒውትራል መካከል 220 ቮልት፣ በሁለት ፌዞች መካከል ደግሞ 380 ቮልት አለ። በሦስት ፌዝ ላይ የተከፋፈሉ ቤቶች አንድ ኒውትራል ይጋራሉ። ይህ የጋራ ኒውትራል በምሰሶው ላይ ቢበጠስ ምን እንደሚሆን አሁን ማስላት እንችላለን።

በአንደኛው ፌዝ ላይ ያለች እማወራ 3,500 ዋት በሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ እየጋገረች ነው እንበል። በሁለተኛው ፌዝ ላይ ያለው ጎረቤት ደግሞ 110 ዋት የሚወስድ ቴሌቪዥን ብቻ ከፍቷል። በሦስተኛው ፌዝ ላይ ጭነት የለም። ምጣዱ 13.8 ኦም፣ ቴሌቪዥኑም እንደ ተራ ሬዚስታንስ ቢቆጠር 440 ኦም ነው። ኒውትራሉ ሲበጠስ ሁለቱ በ380 ቮልት መካከል በተርታ ይያያዛሉ። በቴሌቪዥኑ ላይ 380 × 440 ÷ 453.8፣ ማለትም 368 ቮልት ያህል ሲወድቅ፣ ለምጣዱ የሚደርሰው 12 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። እማወራዋ ምጣዱ ቀዘቀዘ ብላ ስትደነቅ የጎረቤቷ ቴሌቪዥን ይጨሳል። በአንድ ሰፈር በአንድ ቅጽበት የአንዱ መብራት ሲፈዝ የሌላው እንደ ፀሐይ ሲደምቅ ያየ ሰው ይህንኑ ክስተት አይቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ትክክለኛው እርምጃ አንድ ነው፤ ዋናውን ብሬከር በቶሎ ማውረድ፣ ከዚያም ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ማስታወቅ።

በብዙ ቤቶች ለፍሪጅና ለቴሌቪዥን የሚገዛው ስታቢላይዘርም በዚህ ዓይን ሊታይ ይገባዋል። ዝቅ ያለውን ቮልቴጅ ከፍ ማድረጉ ብቻ አይበቃም። ሲገዛ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ «ቮልቴጁ ከመጠን በላይ ሲወጣ ያቋርጣል ወይ? መልሶ ሲያገናኝስ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል ወይ?» የሚለው ነው። እንዲሁም የኤርዝ እግር የሌለው ዲቫይደር የብረት አካል ላለው ዕቃ መጠቀም፣ ጎማ ላይ ቆሞ ኤርዙ የተቋረጠበትን ቤት በገዛ እጅ መሥራት ነው። ሰውን ለመጠበቅ በ30 ሚሊአምፔር ልዩነት የሚያቋርጠውን ብሬከር በባለሙያ ማስተከል ከሁሉ የሚቀድም ወጪ ነው።

ለማጠቃለል፣ ተንቀሳቃሹ ቤት አንድ ቁም ነገር አጉልቶ ያሳየናል። እርሱ በየምሽቱ ከማያውቀው ሶኬት ጋር ስለሚገናኝ ማመንን ትቶ መለካትን መረጠ። እኛ በቋሚ ቤት የምንኖረው ደግሞ ሶኬታችንን የምናውቀው ይመስለናል። ነገር ግን የኒውትራል ማሠሪያ የሚላላው፣ ኤርዝም የሚዝገው ለማንም ሳይናገር ነው። የኦም ሕግን በክፍል ውስጥ ለፈተና የተማረ ተማሪ ወደ ቤቱ ሲመለስ ዋናው ብሬከር የት እንዳለ ቢያውቅ፣ የቤቱ ኤርዝ በባለሙያ እንዲፈተሽም ወላጆቹን ቢያሳስብ፣ ከፈተናው ውጤት የሚበልጥ ጥቅም አገኘ ማለት ነው።